ባለ ደርቡ የላስታ ጎጆ

የላስታ ጎጆ ከሌላው የደጋ ጎጆ የሚለየው በደርቡ ነው። ክብ የድንጋይ ግድግዳው ከተራ ጎጆ እጥፍ ያህል ከፍ ይልና መሐሉ ላይ በእንጨት ርብራብ ለሁለት ይከፈላል። ምድር ቤቱ የከብትና የዕቃ ነው፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ደርቡ ላይ ነው። ወደ ደርቡ የሚያወጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ ከውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ስለሆነ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ለከብቱ፣ አንዱ ለሰው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ እነዚህ ቤቶች የተገነቡት ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ናቸው። ስለ ቅርሱ ዋጋ የተጻፈው መግለጫም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን እነዚህን ባለ ደርብ ክብ ቤቶች በስም ያነሣቸዋል። የገበሬ ቤት በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ መጠቀሱ በኢትዮጵያ ብዙም ያልተለመደ ነገር ነው።

ከንፋስ መውጫ በደብረ ዘቢጥና በፍላቂት አድርጎ በጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፍ መንገደኛ የቤቶቹን ዘመዶች በየመንደሩ ያገኛቸዋል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ስሟም የሚነግረው ለነፋስ የተጋለጠች መሆኗን ነው። ከጉና እስከ መቄት ባለው ደጋ ብርዱ ጽኑ፣ ድንጋዩ የተትረፈረፈ፣ ጥሩ የቤት እንጨት ግን ከጠፋ የቆየ ነው። ስለዚህ በንፋስ መውጫ ዙሪያ ያለው የጋይንት ገበሬም ቤቱን በድንጋይ ያቆማል። ደርብ ባይኖረው ቆጥ አለው፤ ከብቱም ሌሊት ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ከብቱ ከጅብና ከሌባ ይጠበቃል፣ ትንፋሹም ቤቱን ያሞቃል። የላስታው ደርብ የጨመረው ነገር ቢኖር ሰውንና ከብትን በወለል መለየቱ ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ እበቱ ከታች ይቀራል፣ ቤቱም ወደ ጎን ሳይሰፋ ወደ ላይ ስለሚያድግ ከሚታረሰው መሬት ላይ የሚወስደው ቦታ ትንሽ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቤቱ የሚጠፋበትም የሚድንበትም መንገድ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ግንበኛው መሐል ላይ ችካል ይተክልና ገመድ አስሮ ዙሪያውን ያሰምራል። መሠረቱ ጠንካራ አፈር ወይም አለት እስኪደረስ ይቆፈራል። ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ እየተረገጠ ይሰነብታል፤ ሲብላላ መጣበቅ ይጀምራል። ትልልቁ ድንጋይ ፊቱን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፣ መሐሉ በትንንሽ ድንጋይና በጭቃ ይሞላል። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል የሚወፍረው በዚህ ምክንያት ነው። የውስጡ ፊት በጭቃ ይመረግና በእበት ይለቀለቃል።

ጣሪያው ሌላ ሙያ ነው። ወጋግራዎቹ ከግድግዳው ጫፍ ተነሥተው ወደ መሐል ይሰበሰቡና ከአናት ላይ ይገናኛሉ። በላያቸው ማገሩ እየተጠማዘዘ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል፤ አንድም ምስማር አይገባበትም። ከዚያ ከዳኙ ሣሩን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያነጥፋል፤ የላይኛው ንብር የታችኛውን እየጫነ ስለሚሄድ ዝናቡ ከሣር ወደ ሣር እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሾለውም ለዚሁ ነው፤ ዘመም ያለ የሣር ክዳን ውኃ ያቁራል፣ ያቆረ ሣር ደግሞ ይበሰብሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በደቦ ነው። ባለቤቱ ጠላና ቆሎ ያቀርባል፣ ጎረቤቱ ድንጋይ ያነሣል፣ ጭቃ ያቦካል፣ ሣር ያቀብላል። የባለሙያው ብዛት ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም፤ የቀረው የሰው ጉልበት ነው።

ቤቱን ለዓመታት የሚያቆየው ግን ከተሠራ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው፤ ከዚህም ውስጥ ዋናው ጢስ ነው። ምድጃው ጭስ ማውጫ የለውም። ጢሱ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይተናል። በመንገዱ ላይ ወጋግራውንና ማገሩን ያጠቁረዋል፤ ጠቀራው እንጨቱን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀዋል፣ ሙቀቱም ሣሩን ከክረምት እርጥበት ያደርቀዋል። ይኸው ጢስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ የሚክድ የለም፤ ለጣሪያው መድኃኒት የሆነው ለሰው በሽታ ነው። ግን ሰው ጥሎት የወጣ ጎጆ ለምን በጥቂት ክረምት እንደሚፈርስ የሚያስረዳው እሱ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ሣሩ መድረቅ ያቆማል፤ ነቀዙ ይገባል፤ ሣሩ ሲሳሳ ውኃው በግድግዳው አናት ይወርዳል፤ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከአናቱ ውኃ ከገባበት ጭቃው ይታጠባል፣ ግድግዳው ሆድ ያወጣና ይናዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት አጥሮና ቆልፎ «መጠበቅ» አይቻልም። የሚቆየው ሲኖሩበት ነው።

ባለፉት አሠርት ዓመታት ይህ ቤት በሁለት በኩል ተከቧል። አንደኛው ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቀጥ ያለ አጠና በቀላሉ ይገኛል፤ አጠና ደግሞ ለአራት ማዕዘን ቤት እንጂ ለክብ ቤት አይመችም። የክዳን ሣር የሚበቅልበት መሬት ታርሷል ወይም ከብት ግጦታል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ በየጥቂት ዓመቱ ከዳኝ መለመን የለም፣ እሳትም አይፈራም። በረዶ ሲዘንብ ያደነቁራል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይግላል፤ ቢሆንም የገበሬው ምርጫ ትክክል ነው። ቆርቆሮ ቤት መሥራት የኑሮ መሻሻል ምልክት ሆኖ ሳለ «ለባህል ስትል ሣር ቤት ኑር» ማለት በሌላው ኪስ የሚደረግ ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው በላሊበላ የታየው የነዋሪው መነሣት ነው። ከተማዋ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተጨናንቃ ስለነበር በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት አማካይነት በቅርሱ ክልል ውስጥ የነበሩ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ብዙው ጭቃና ቆርቆሮ ቤት ፈረሰ፤ ባህላዊዎቹ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤቶች ግን የቅርሱ አካል ናቸው ተብለው እንዲቆሙ ተተዉ። ግቢው ጸዳ፣ የፍሳሹም ችግር ተቃለለ። የቀሩት ጎጆዎች ግን ሰውም እሳትም የሌላቸው ሆኑ። ለፎቶ ያምራሉ፤ በክረምት ግን ጠባቂያቸው ሄዷል። ለዚህ ዓይነት ቤት የሚበጀው መልስ አዲስ ሥራ መስጠት ነው፤ ማረፊያ፣ የእጅ ሥራ መሸጫ፣ ትንሽ ሙዚየም፣ የሽማኔ ቤት፣ ምንም ይሁን፣ በየቀኑ በሩ የሚከፈትበትና ክዳኑን የሚያድስ ባለቤት ያለው ሥራ።

ይህ ሐሳብ በሌላ አገር ተሞክሯል። በስዊድን መካከለኛ ክፍል ሄልሲንግላንድ በሚባለው አውራጃ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከተልባ ጭረትና ከደን ሀብት የከበሩ ነጻ ገበሬዎች ትልልቅ የጥድ ግንድ ቤቶች ሠርተው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ገበሬዎቹ ከመኖሪያቸው ሌላ ለሠርግና ለትልልቅ ድግስ ብቻ የሚከፈት ክፍል፣ አንዳንዴም ራሱን የቻለ ቤት ያዘጋጁ ነበር፤ ግድግዳውን ከመንደር መንደር የሚዞሩ ሠዓሊዎች በአበባና በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሥዕል ይሸፍኑት ነበር። ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ የደረሱት ክፍሎቹ ከድግስ ቀን በቀር ባለመነካታቸው ነው፤ ቤቶቹ የደረሱት ደግሞ ትውልድ ሳይቋረጥ ስለኖረባቸው ነው። ዛሬ ከሰባቱ አንዳንዶቹ አሁንም የቤተሰብ መኖሪያ ናቸው፤ ኤሪክ-አንደሽ የተባለው ግን የጎብኚዎች ማዕከል ሆኖ ቡና ቤትና ማረፊያ ይዟል። ጎብኚው የገበሬውን ታሪክ የሚሰማው በገበሬው ጣሪያ ሥር ቡና እየጠጣ ነው።

ስዊድኖች ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ ሞክረው ነበር። አርቱር ሃዜሊየስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰን የተባለውን ቤተ መዘክር ከፈተ፤ የገጠር ቤቶችን ከየቦታቸው እያስነቀለ አምጥቶ ሰፊ ሜዳ ላይ አቆማቸው። በዓለም ላይ ካሉት የአየር ላይ ቤተ መዘክሮች ለአብዛኞቹ አርአያ የሆነው እሱ ነው። የግንድ ቤት ግንዱ ቁጥር ተሰጥቶት ተፈትቶ ሊጓዝ ይችላል። በጭቃ የተያያዘ የላስታ ግድግዳ ግን ሲፈታ የድንጋይ ክምር ብቻ ይሆናል፤ ቢጓዝም ከእርሻው፣ ከአውድማውና ከደብሩ ተነጥሎ ምን እንደሚናገር ያጠራጥራል። ለእኛ የሚስማማው የሄልሲንግላንዱ መንገድ ይመስላል። ስዊድን በሕንፃ ሥራ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አለመሆኗም ይታወሳል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት ስሙ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር።

ለሣር ክዳን ግን ከስዊድን ይልቅ ጃፓን ይቀርባል። ሺራካዋ-ጎ በሚባለው ተራራማ መንደር የገበሬ ቤቶቹ ጣሪያ ቀጥ ያለ፣ ወፍራም ሣር ነው፤ በላይኛው ደርብ ላይ ገበሬው የሐር ትል ያረባ ነበር። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከቤቶቹ አንዳንዶቹም ዛሬ ቤተሰቡ ራሱ የሚያስተናግድባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው። የአንድን ቤት ክዳን ለማደስ መንደርተኛው ተጠራርቶ ይወጣል፤ ዩኢ ይሉታል፣ ጋይንት ቢሆን ደቦ ነበር። ከሁሉ የሚያስተምረው ግን መሐል ወለል ላይ ያለው ምድጃ ነው። ጢሱ እንጨቱንና ሣሩን እንደሚጠብቅ ስለሚያውቁ ለምግብ ባያስፈልግ እንኳ ለቤቱ ሲሉ እሳት ያነዳሉ። በካዋሳኪ ከተማ ባለው የጥንት ቤቶች ቤተ መዘክር ውስጥም በጎ ፈቃደኞች በየቤቱ ምድጃ ላይ እሳት የሚያነዱት ለዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ አሮጌ ቤት አዲስ አገልግሎት ሲያገኝ ብርቅ አይደለም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን አስጠልሏል። ጎንደር ራስ ግንብ የተባለውን አሮጌ ሕንፃ አድሳለች። ሐረር ውስጥ የአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የነበረው ባለ ፎቅ ቤት በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ሙዚየም ሆኗል፤ ገጣሚው የሞተው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መሆኑ ስሙን አላስቀየረውም። በጁገል ግንብ ውስጥ ያሉ የሐረሪ ቤቶችም ባለቤቶቻቸው እንግዳ እያሳደሩባቸው ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ግን ሁሉም የመኳንንት፣ የንጉሥ ወይም የነጋዴ ቤት ነው። የአብዛኛው ሕዝብ ቤት፣ ማለትም የገበሬው፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ለገበሬው ቤት ቅርብ የሆነው ሙከራ የተደረገው ከንፋስ መውጫ ብዙም በማይርቀው በመቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ድርጅት በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎችም ቦታዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎችን ማሠራት ጀመረ። ጎጆዎቹ አዲስ ናቸው፤ አሠራሩ ግን የአካባቢው የድንጋይና የሣር አሠራር ነው፤ ግንበኛውም ከዳኙም የመንደሩ ሰው ነው። እንግዳው በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭናል፣ የሚበላው መንደርተኛው የሠራውን ነው፣ ገቢውም የማኅበረሰቡ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት እንግዳ ጥቂት ብቻ ነው። እዚህ የዳነው አሮጌ ቤት አይደለም፤ የዳነው ሙያው ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም። የመቄት ጎጆ ድክመቱን ያሳየው ግን የጎብኚው መንገድ ሲዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2021 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ላስታ፣ ወደ መቄትና ወደ ጋይንት በመምጣቱ ከውጭ እንግዳ የሚጠበቀው ገቢ ተቋረጠ። በቱሪስት ብቻ የሚኖር ቤት ቱሪስቱ ሲቀር ዳግም ባዶ ይሆናል።

በጋይንት ውስጥ ለብዙ ዘመን የሠራ ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ። የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ከሩቅ ስትታይ እንደ ሌላው ደብር ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ናት። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ መሐል ከእሱ በብዙ ዘመን የሚቀድም አራት ማዕዘን የድንጋይና የእንጨት ሕንፃ ቆሟል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጸሐፊው ቶማስ ፓክናም ጎብኝቶ በመጽሐፉ ስለጻፈላት በውጭ ምሁራን ዘንድ ታወቀች እንጂ ለድጓ ተማሪዎች አዲስ ነገር አልነበረችም። የጥንቱ ሕንፃ ጣሪያ ተደርቦለት፣ ግድግዳው ከዝናብ ተከልሎ፣ ቅዳሴውና ማኅሌቱ ሳይቋረጥ ደረሰ። አፍርሶ ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን በአዲሱ ውስጥ ማኖርን የአካባቢው ሰው በራሱ አውቆበታል።

የገበሬን ቤት ለአዲስ አገልግሎት ማዘጋጀት የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብዙ ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅንነት ነው። ግድግዳውን «ለማጠንከር» ተብሎ በሲሚንቶ መለሰን የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳልም፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ ውስጥ ይታመቅና ግድግዳው ከውስጥ ይበላል፣ ውጩ ግን ደህና መስሎ ይቆያል። የተጎዳው ቦታ መጠገን ያለበት በዚያው በጭድ ጭቃ ነው። መስኮት ለመክፈት ክቡን ግድግዳ መብሳትም ድንጋዮቹ እርስ በርስ የተደጋገፉበትን ዙሪያ ያላላል፤ ብርሃን ካስፈለገ ሁለቱን በሮች መጠቀም ይሻላል። መጸዳጃና መታጠቢያ ከቤቱ ርቆ ለብቻው ይሠራል፤ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ማሳለፍ ቤቱን ከመሠረቱ ማርጠብ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሣር ክዳን ሥር ያለ መከላከያ ቱቦ አይዘረጋም። የቤቱ ዙሪያ የክረምቱን ውኃ የሚያርቅ ቦይ ሊቆፈርለት ይገባል። ምድጃውም መቅረት የለበትም፤ ቡና ይፈላበት፣ እንግዳው ይሙቅበት፣ ጢሱም ሥራውን ይሥራ።

ሕጉ በቂ መሠረት ይሰጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ ባለቤቱ ሊንከባከበው እንደሚገባ፣ ጥገናም በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንደሚካሄድ ይደነግጋል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችልም ይገልጻል። ችግሩ ቅርስ ሲባል የሰው ሐሳብ ወደ ደብርና ወደ ግንብ መሄዱ ነው። የገበሬ ጎጆ በአንድም የወረዳ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ሕጉ የሚጠብቀው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሥራው ከቆጠራ ሊጀመር ይገባዋል። በየቀበሌው የቀሩት የድንጋይ ጎጆዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ማን እንደሠራቸው፣ ዙሪያቸውና ቁመታቸው ስንት እንደሆነ ይመዝገብ፤ ክዳን የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ሙያቸው በፊልም ይያዝ፣ ወጣትም ከሥራቸው ይማር። ከዚያ መንገድ ዳር ያለ አንድ ጠንካራ ቤት ከባለቤቱ ጋር በስምምነት ተመርጦ ይጠገን፤ ለውጭ ጎብኚ ብቻ ሳይሆን ለአገሩ መንገደኛ፣ ለበዓል ተሳላሚና ለተማሪ ጉብኝት የሚያገለግል ይሁን። ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ የገባ ገበሬም የአባቱን ጎጆ ለድንጋዩ ሲል ከማፍረሱ በፊት የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ጽሕፈት ቤቱም የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።